የባላጋራ ውለታ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው የአባቶች ብሂል ለጦር ሜዳ የተነገረ ቢመስልም፣ በእግር ኳስ ሜዳ ዙሪያ የሚሰበሰበውን ሕዝብ ጠባይ ከዚህ አሳጥሮ የሚገልጽ ቃል በቀላሉ አይገኝም። ግብ ያገባው ተጫዋች ጨዋታው ሲያልቅ ልብሱን ለውጦ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ በሚመጣው ዓመት ሌላ ሜዳ፣ ሌላ በረኛና ሌላ ጭብጨባ ይጠብቀዋል። ግቡ የገባበት ሕዝብ ግን የዚያን ሰው ስምና አረማመድ፣ ኳሱን የመታበትን እግር ሳይቀር፣ በልቡ ጽፎ ይኖራል፤ ለልጁም ያወርሰዋል። ስለዚህ የአንድን ቡድን እውነተኛ ደጋፊ ለይቶ ለማወቅ የሚሻ ሰው የሚወዳቸውን ተጫዋቾች ከሚጠይቀው ይልቅ ያስለቀሱትን ባላጋራዎች ቢጠይቀው ይሻላል። የወዳጅን ስም ማንም ከጋዜጣ ሊማረው ይችላልና።

ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ደጋፊ ይህ የሕመም መዝገብ የሚከፈተው በአዲስ አበባም በአሥመራም አይደለም፤ በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም ነው። በዚያች ከተማ ሁለት ቀኖች አሉ። አንደኛው የካቲት 9 ቀን 1949 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1957) ሲሆን፣ ሁለተኛው የካቲት 3 ቀን 1962 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1970) ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ግብፃዊ ብቻውን 4 ግብ፣ በሁለተኛው ቀን አንድ የኮትዲቯር ልጅ ብቻውን 5 ግብ በኢትዮጵያ መረብ ላይ አሳረፉ። ሁለቱም ጨዋታዎች የተደረጉት በአንዱ በካርቱም ስታዲየም ነው። በ13 ዓመት ልዩነት፣ በአንድ ሜዳ ላይ፣ ሁለት ሰዎች 9 ግብ ያስቆጠሩበት ሌላ ብሔራዊ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ታሪክ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

ይህን ታሪክ ከሩቅ የሚሰማው ሰው እንደ ቁጥር ብቻ ሊመለከተው ይችላል። በካርቱም ለኖረ ኢትዮጵያዊ ግን ነገሩ የጎረቤት ወሬ ነው። ለምሳሌ አል-ማንሺያን እንውሰድ። አል-ማንሺያ በካርቱም ምሥራቃዊ ወገን በዓባይ ዳር ያለ ሰፈር ነው። ከጣና ሐይቅ የሚወጣው፣ ጎጃምን ከብቦ በሱዳን ሜዳ ላይ የሚወርደው ወንዝ፣ ከነጭ ዓባይ ጋር ከመገናኘቱ አስቀድሞ ከሚያልፍባቸው የከተማይቱ የመጨረሻ ሰፈሮች አንዱ ይኸው ነው። በሰፈሩ ስም የሚጠራው ድልድይም ከወንዙ ማዶ ካለው ወገን ጋር ያገናኘዋል። ሰፈሩ ሰፋፊ ግቢ ያላቸው የባለጸጎችና የታወቁ ሰዎች ቤቶች የሚገኙበት ሲሆን፣ ስመ ጥሩው ፖለቲከኛ ሐሰን አል-ቱራቢም መኖሪያው እዚያ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ በስደትም በሥራ ፍለጋም ወደ ካርቱም የገቡት ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ናቸው፤ እንደ አል-ማንሺያ ባሉት የባለጸጋ ሰፈሮች ወጥ በመሥራት፣ ልጅ በመጠበቅ፣ በር በመጠበቅና መኪና በመንዳት ያደሩ ነበሩ። እንዲህ ያለው ሰው የአገሩን ውኃ በደጁ ሲያልፍ ያያል፤ የቡድኑ ትልቁ ኀዘን የደረሰበት ስታዲየምም በዚያው በሚሠራበት ከተማ ይገኛል። ከሱዳናዊ ጎረቤቱ ጋር ስለ ኳስ ሲከራከር የሁለቱ ቀኖች ነገር ሳይነሣ የሚቀር አይደለም።

ስለዚህ በእነዚያ ቀኖች የሆነውን በቅደም ተከተሉ መመልከት ተገቢ ነው።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ መልእክተኞች በካርቱም ተሰብስበው የአፍሪካን የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሠረቱ። በዚያን ጊዜ የአፍሪካ ታላቁ ክፍል ገና በቅኝ ገዥዎች እጅ ነበረ፤ ጋና እንኳ ነፃነቷን ለማግኘት ጥቂት ሳምንታት ይቀራት ነበር። በኢትዮጵያ በኩል ከመሥራቾቹ አንዱ የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው፤ እሳቸውም በኋላ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ የዚሁ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ሠርተዋል። ማኅበሩ እንደ ተመሠረተ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውድድር እዚያው በካርቱም እንዲደረግ ተወሰነ።

ውድድሩ ሊጀመር ሲል የደቡብ አፍሪካ ነገር ተነሣ። የዚያች አገር መልእክተኞች የሚያመጡት ቡድን ነጮች ብቻ ወይም ጥቁሮች ብቻ የሆኑበት እንጂ የተደባለቀ ሊሆን እንደማይችል አስታወቁ። የቀሩት ሦስቱ አገሮች ይህን የዘር መድልዎ ለመቀበል እምቢ አሉ፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ወጣች። ከእርሷ ጋር እንድትጋጠም ዕጣ የወጣላት ኢትዮጵያ ነበረች። በዚህም ምክንያት የኢትዮጵያ ቡድን አንድም ጨዋታ ሳይጫወት በቀጥታ ወደ ፍጻሜው አለፈ።

ግብፅ ግን በየካቲት 3 ቀን በዚያው ሜዳ ላይ ከባለ አገሩ ከሱዳን ጋር ተጋጥማ 2 ለ 1 አሸንፋ ነበር። በአፍሪካ ዋንጫ ታሪክ የመጀመሪያውን ግብ ያገባው ረአፋት አጢያ በዚሁ ጨዋታ ሲሆን፣ ሁለተኛውን ያገባው መሐመድ ዲያብ አል-አጣር የሚባል፣ ሕዝቡ «አድ-ዲባ» እያለ የሚጠራው፣ የእስክንድርያው የአል-ኢቲሃድ ክለብ አጥቂ ነበረ። ከስድስት ቀን በኋላ በፍጻሜው ጨዋታ ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 ስታሸንፍ፣ አራቱንም ግቦች ያገባው ይኸው አድ-ዲባ ነበር። በአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ 4 ግብ ያገባ ሌላ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ስለዚህ ሽንፈት ሲነገር ሁለት ነገሮች ሊዘነጉ አይገባም። የመጀመሪያው የልምድ ልዩነት ነው። ግብፅ በ1926 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1934) ወደ ኢጣሊያ ሄዳ በዓለም ዋንጫ የተጫወተች፣ ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ አገር ነበረች። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በሥርዓት የተቋቋመው ግን አገሪቱ ከኢጣሊያ ወረራ ነፃ ከወጣች በኋላ በ1930ዎቹ ዓመታት ነው። ሁለተኛው ነገር ኢትዮጵያ ወደ ፍጻሜው የደረሰችበት መንገድ ነው። አንድ ቡድን ሳይሟሟቅና የሜዳውን ጠባይ ሳያውቅ በፍጻሜ ጨዋታ ላይ ቢቆም ለሽንፈት መጋለጡ አይቀርም። ይሁን እንጂ ያ ጨዋታ የቀረው በስንፍና ወይም በአጋጣሚ ሳይሆን የሰው ልጅ በቀለሙ አይለይም ተብሎ ነው። ይህን የሚያስብ ደጋፊ የአድ-ዲባን 4 ግቦች ሲቆጥር ከኀዘኑ ጋር ክብርም አብሮ ይቆጥራል።

ከሁለት ዓመት በኋላ በግንቦት 1951 ዓ.ም. ሁለተኛው ውድድር በካይሮ ተደረገ። ኢትዮጵያ በድጋሚ ከግብፅ፣ በዚያን ጊዜ ስሟ ከተባበረው ዓረብ ሪፑብሊክ፣ ጋር ተጋጠመች፤ ውጤቱም እንደ ገና 4 ለ 0 ሆነ። በዚህ ጊዜ ያሠቃየው ሰው መሐሙድ አል-ጎሃሪ ሲሆን፣ ከአራቱ ግቦች ሦስቱ የእርሱ ነበሩ። አል-ጎሃሪ በ1990 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1998) የግብፅን ቡድን በአሠልጣኝነት እየመራ ያንኑ ዋንጫ ደግሞ በመውሰዱ፣ በተጫዋችነትም በአሠልጣኝነትም የአፍሪካን ዋንጫ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ተባለ። በ2004 ዓ.ም. ሲያርፍ በግብፅ ብቻ ሳይሆን በመላው አፍሪካ ስሙ በክብር ተነሥቷል።

እንግዲህ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1962) በአዲስ አበባ የሦስተኛው ውድድር ፍጻሜ ሲደርስ፣ ኢትዮጵያ ከዚያው ባላጋራ ጋር ስትገናኝ ቀድሞ የገባባት ዕዳ 8 ግብ ነበረ፤ ያገባችው አንድም አልነበረም። በዚያን ቀን ደግሞ በደዊ የተባለ ሌላ ግብፃዊ አጥቂ ተነሥቶ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ግብ አገባ። ግርማ ተክሌ አቻ ቢያደርግም፣ በደዊ ወዲያው ሁለተኛውን ጨመረ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ የአሥመራው ተወላጅ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ እንደ ገና አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁም አራተኛውን አስቆጥረው ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች፤ ሉቻኖም ዋንጫውን ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ይህ ዋንጫ ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ያገኘችው ብቸኛው የአፍሪካ ዋንጫ ነው።

ይህ ድል ያን ያህል ከፍ ብሎ የሚታየው ለምንድር ነው? ተሸናፊው ቡድን ማንም ቢሆን ኖሮ ዋንጫው ያው ዋንጫ ይሆን ነበር። ነገር ግን ከካርቱሙ 4 ለ 0 እና ከካይሮው 4 ለ 0 በኋላ በዚያው ባላጋራ ላይ የተገኘ 4 ለ 2 መሆኑ ድሉን የተለየ ያደርገዋል። የመንግሥቱ ወርቁንና የቫሳሎ ወንድማማቾችን ስም በወርቅ ቀለም የጻፉት ራሳቸው ቢሆኑም፣ ቀለሙን የበጠበጡት አድ-ዲባና አል-ጎሃሪ ናቸው ማለት ይቻላል። የባላጋራ ውለታ የሚባለው ይህ ነው።

የሁለተኛው ሰው ታሪክ የሚጀምረው በኢትዮጵያ ምድር ላይ ነው። በጥር 1960 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1968) የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባና በአሥመራ ሲደረግ፣ ከኮትዲቯር ቡድን ጋር የ20 ዓመት ወጣት የሆነ ሎራን ፖኩ የሚባል አጥቂ መጣ። በምድብ ጨዋታ ኢትዮጵያ ኮትዲቯርን 1 ለ 0 አሸነፈች፤ ደጋፊውም ይህ ልጅ የሚፈራ መሆኑን ገና አላወቀም። በግማሽ ፍጻሜው ኢትዮጵያ በተጨማሪ ሰዓት በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ስትሸነፍ፣ ኮትዲቯርም በጋና 4 ለ 3 ተሸነፈች። ስለዚህ ሁለቱ ተሸናፊዎች ለሦስተኛ ደረጃ እንደ ገና ተገናኙ፤ የጨዋታውን አንዲት ግብ ያገባው ፖኩ ሆነ። በዚያ ውድድር 6 ግብ በማስቆጠር የሁሉ የበላይ ሆነ፤ ከዚያም ወዲያ በአገሩና በፈረንሳይኛ ተናጋሪው ዓለም «የአሥመራ ሰው» የሚል ቅጽል ወጣለት። በአቢጃን የተወለደ ሰው በአሥመራ ስም መጠራቱ ለሚሰማው ሊያስገርመው ይችላል፤ የተጫዋች የትውልድ አገር ግን አንዳንድ ጊዜ ስሙ የተሰማበት ሜዳ ነው።

የዚያ ውድድር ፍጻሜ ሌላም የሚያስገርም ነገር ነበረው። ኮንጎ ኪንሻሳ ጋናን 1 ለ 0 ባሸነፈችበት በአዲስ አበባው የፍጻሜ ጨዋታ ፊሽካውን የያዘው ዳኛ መሐመድ ዲያብ አል-አጣር ነበረ፤ ከ11 ዓመት በፊት በካርቱም ኢትዮጵያን ያሳዘነው ያው አድ-ዲባ ማለት ነው። አንድ ሕዝብ ትናንት የወጋውን ሰው ዛሬ በገዛ ከተማው በፍርድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያይ አለመቆጣቱ የትልቅነት ምልክት ነው። በእርግጥም ከኢትዮጵያ ተመልካች ይልቅ የዚህን ሰው ችሎታ አሳምሮ የሚያውቅ አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ውድድሩ ወደ ሱዳን ተመለሰ፤ የኢትዮጵያም ምድብ በካርቱም ሆነ። ቡድኑ በመጀመሪያ በሱዳን 3 ለ 0፣ ቀጥሎም በካሜሩን 3 ለ 2 ተሸነፈ። የካቲት 3 ቀን 1962 ዓ.ም. ከኮትዲቯር ጋር ለመጋጠም ሲገባ ተስፋው ተሟጦ ነበር። በዚያን ቀን ፖኩ ብቻውን 5 ግብ አገባ፤ ጨዋታውም 6 ለ 1 አለቀ። በአንድ የአፍሪካ ዋንጫ ጨዋታ 5 ግብ ያገባ ሌላ ተጫዋች እስካሁን አልታየም። የምድቡ ጨዋታዎች ሲያበቁ ኮትዲቯር፣ ሱዳንና ካሜሩን እያንዳንዳቸው ሁለት ጊዜ አሸንፈው ነጥባቸው እኩል ሆነ፤ የለያቸው የግብ ልዩነት ነው። በዚህም ኮትዲቯር አንደኛ፣ ሱዳን ሁለተኛ ሆነው ሲያልፉ ሁለት ጨዋታ ያሸነፈችው ካሜሩን ወደ አገሯ ተመለሰች። እንግዲህ የፖኩ 5 ግቦች ያስለቀሱት ኢትዮጵያዊውን ብቻ አልነበረም።

ይሁን እንጂ የወጋውም ሰው ሳይወጋ አልቀረም። ፖኩ በዚያ ውድድር በጠቅላላው 8 ግብ ቢያገባም ጋና በግማሽ ፍጻሜው በተጨማሪ ሰዓት 2 ለ 1 አሸነፈችውና ዋንጫው ሳይደርሰው ቀረ፤ ከሁለት ዓመት በፊትም የጣለችው ይህችው ጋና ነበረች። ዋንጫውን የወሰደችው ባለ አገሯ ሱዳን ስትሆን፣ ጋናን 1 ለ 0 ያሸነፈችበት ቀን የካቲት 9 ነበረ፤ ከ13 ዓመት በፊት አድ-ዲባ 4 ግብ ያገባበት ያው ቀን፣ በዚያው ስታዲየም። የፖኩ የ14 ግብ ድምር በአፍሪካ ዋንጫ ታሪክ የበላይ ሆኖ የቆየው ካሜሩናዊው ሳሙኤል ኤቶ በ2000 ዓ.ም. እስኪያልፈው ድረስ ነው። ፖኩ በፈረንሳይ አገር በሬንና በናንሲ ክለቦች ተጫውቶ ስሙ በአውሮፓም ቢታወቅም የአፍሪካን ዋንጫ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣም። በአንጻሩ 6 ግብ ከቆጠሩባት ቡድኖች አንዷ የሆነችው ኢትዮጵያ ዋንጫውን በቤቷ አስቀምጣለች። የኳስ ፍርድ እንዲህ የተዘበራረቀ ነው።

ከዚያ ወዲህ መዝገቡ አልተዘጋም። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ በ2005 ዓ.ም. ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ፣ ለዚያ ያበቃት መንገድ ያለፈው በሱዳን በኩል ነበረ፤ በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸንፋ በአዲስ አበባ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ግቦች 2 ለ 0 በማሸነፍ፣ በውጭ ሜዳ ባገባቻቸው ግቦች አለፈች። በደቡብ አፍሪካ በተደረገው ውድድር ግን የቡርኪና ፋሶው አላን ትራኦሬ ሁለት ግብ ያገባበት 4 ለ 0 እና የናይጄሪያው ቪክቶር ሞሰስ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት ያስቆጠረበት 2 ለ 0 ደረሰባት። በሚቀጥለው ዓመት ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ አንድ ደረጃ ሲቀር፣ በአዲስ አበባ ሁለት ግብ አግብቶ ሕዝቡን ዝም ያሰኘው የናይጄሪያው ኢማኑኤል ኢሜኒኬ ነበረ። በጥር 2014 ዓ.ም. በያውንዴ ዳዋ ሆቴሳ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ለኢትዮጵያ ግብ ቢያገባም፣ የካሜሩኖቹ ቪንሰንት አቡበከርና ካርል ቶኮ ኤካምቢ ሁለት ሁለት አስቆጥረው 4 ለ 1 አደረጉት። የዛሬው ወጣት ደጋፊ እነዚህን ስሞች አያቱ የአድ-ዲባንና የፖኩን ስም ይዞ በኖረበት አኳኋን ይዟቸው ይኖራል።

በአማርኛ «ባላጋራ» የሚለው ቃል በጥንት ጊዜ በችሎት ፊት ለቆመ ተሟጋችም ይነገር ነበር። ዓረቦችም ተጋጣሚን «ኸስም» ይሉታል፤ ይህም ቃል በፍርድ ቤትና በኳስ ሜዳ እኩል ያገለግላል። ሁለቱም ቋንቋዎች በዚህ አንድ መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በሙግት ላይ ባላጋራ ከሌለ ክርክር የለም፤ ክርክር ከሌለም እውነቱ አይወጣም። ባላጋራው ሲበረታ የራስን ነገር ድክመት ያሳያል፤ ከችሎት ሲወጡም ሁለቱ በአንድ መንገድ ወደ መንደራቸው ይመለሳሉ። ጠላት ግን ሌላ ነው። ጠላትን ማንም መልሶ ሊያየው አይሻም፤ ባላጋራን ግን በሚመጣው ቀጠሮ ይጠብቁታል።

ይህን ጠንቅቆ ያወቀ ሌላ ሕዝብ ብራዚል ነው። ሐምሌ 9 ቀን 1942 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1950) በሪዮ ደ ጃኔሮው በማራካና ስታዲየም የኡራጓዩ አልሲደስ ጊጂያ የማሸነፊያዋን ግብ አግብቶ የዓለምን ዋንጫ ከብራዚሎች እጅ ነጠቀ፤ እጅግ ብዙ ሕዝብም በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ያች ቀን በብራዚል ለብዙ ዓመታት እንደ ብሔራዊ ኀዘን ስትነገር ኖረች። ነገር ግን በ2002 ዓ.ም. ይኸው ጊጂያ በስተርጅና ወደ ማራካና ተጋብዞ የእግሩ ምልክት ከታላላቆቹ ተጫዋቾች ምልክት ጋር እንዲቀመጥ ተደረገ። ጊጂያ ያረፈውም ከ65 ዓመት በኋላ በዚያችው ቀን፣ ሐምሌ 9 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው። ብራዚሎች እንዲህ ሲያደርጉ ኀዘናቸውን አልረሱም፤ ኀዘናቸው የታሪካቸው ክፍል መሆኑን መሰከሩ እንጂ።

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ለባላጋራዎቹ እንዲህ ያለ ምስክርነት የሰጠበት ጊዜ ብዙ አይደለም፤ ጊዜውም እየነጐደ ነው። ሎራን ፖኩ በኅዳር 2009 ዓ.ም.፣ መሐመድ ዲያብ አል-አጣርም በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ተከታትለው አረፉ። በዚህ ወገን ከቆሙትም መንግሥቱ ወርቁ በ2003 ዓ.ም.፣ ሉቻኖ ቫሳሎ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በሞት ተለይተዋል። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም ስታዲየም ሆኖ በዐይኑ ያየ ሰው ዛሬ ቢኖር እንኳ የዕድሜ ባለጸጋ ሽማግሌ ነው።

ካርቱምም ያቺ ካርቱም አይደለችም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሎች መካከል የተነሣው ጦርነት ከተማይቱን የውጊያ ሜዳ አደረጋት። ነዋሪዋ ተበተነ፤ በውስጧ ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያንም ብዙዎቹ ያፈሩትን ሁሉ ጥለው በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ፤ ሌሎችም ወደ ሌላ ስደት ሄዱ። የአል-ማንሺያ ድልድይ የሚነሣው ለሁለት ዓመት ያህል በመሻገሪያነቱ ሳይሆን በጦር ወሬ ሆነ። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ካርቱምን መልሶ ሲይዝ በየቤቱ የነበረው ትዝታ ከቤቱ ጋር ምን ያህል እንደ ጠፋ የሚቆጥር አልነበረም። ሰው ሲሰደድ ልብሱንና ልጁን ይዞ ይወጣል፤ ከጎረቤቱ ጋር የሚከራከርበትን ወግ ግን ይዞት የሚሄድበት ዕቃ የለውም። ሁለት ሕዝቦች ስለ አንድ ስታዲየም የሚያወሩት የጋራ ታሪክ እንዲህ ባለ ጊዜ ሳይጻፍ ከቀረ ጨርሶ ይጠፋል።

ስለዚህ የስፖርት ባለሥልጣኖችና የጋዜጣ ጸሓፊዎች የብሔራዊውን ቡድን ታሪክ ሲያሰናዱ የራሳችንን ጀግኖች ብቻ በመዘርዘር ሊወሰኑ አይገባም። ማን ግብ አገባብን፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሜዳ፣ የእኛስ ቡድን በምን ሁኔታ ላይ ነበረ ተብሎ ሊጻፍ ይገባል። ከካርቱም የተመለሱትም ሽማግሌዎች ከሱዳናውያን ጓደኞቻቸው የሰሙትን ቢጠየቁ መልካም ነው። ሽንፈቱን ያልመዘገበ ሰው ድሉ መቼ እንደ ተመለሰለት ሊያውቅ አይችልምና።

ለዚህም ማስረጃ የሚሆን አንድ ቀን አለ። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 2019) ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ኮትዲቯር ወደ ባሕር ዳር መጣች። ኢትዮጵያም በሱራፌል ዳኛቸውና በሽመልስ በቀለ ግቦች 2 ለ 1 አሸነፈች፤ በኋላም በዚያው ማጣሪያ አልፋ ወደ ካሜሩኑ ውድድር ሄደች። ብዙ ተመልካች በዚያን ቀን የተደሰተው በአንድ ታላቅ ቡድን ላይ ስለ ተገኘ ድል ብቻ ነው። የፖኩን ስም የሚያውቁት ግን 6 ለ 1 ከሆነበት ቀን ጀምሮ 49 ዓመት ከዘጠኝ ወር ቆጠሩ። ጨዋታው የተደረገባት ባሕር ዳር ዓባይ ከጣና የሚወጣባት ከተማ ናት፤ ውኃውም ከዚያ ተነሥቶ ተራራውንና በረሓውን አልፎ በአል-ማንሺያ ድልድይ ሥር ወደ ካርቱም ይገባል።